የላይፕዚጉ ዋና ከንቲባ ከመማሪያ ክፍል እስከ ከተማው አዳራሽ

ጥያቄውን ያቀረቡት በጀርመን የዛክሰን ግዛት የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የላይፕዚግ ዋና ከንቲባ ቡርክሃርድ ዩንግ ቀደም ሲል አስተማሪ እንደ ነበሩ ሰምተዋል። «አስተማሪ የነበረ ሰው እንዴት እዚያ ወንበር ላይ ይደርሳል? ልጄ የጀርመን ዜግነት አላት፤ ለመምህርነት እየተማረች ነው፤ የከተማ ምክር ቤት አባል የመሆን ሐሳብም አድሮባታል። ፖለቲካ ውስጥ ስትገባ መምህርነቷን ታጣ ይሆን?» ሲሉ ጠይቀዋል።

እናትን የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። አታጣም። በጀርመን አገር በአካባቢ ምክር ቤቶች ውስጥ አስተማሪዎች በብዛት የሚታዩት ሕጉም አሠራሩም ስለሚመቻቸው ነው። ዩንግ የሄዱበት መንገድ ግን ከተራ የምክር ቤት አባል መንገድ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይገባል። የምክር ቤት አባልነት መተዳደሪያ ሥራ አይደለም፤ መጠነኛ አበል ብቻ የሚከፈልበት የክብር አገልግሎት ነው። የላይፕዚግ ምክር ቤት 70 አባላት አሉት፤ ከነሱ ውስጥ ሐኪሙም ነጋዴውም አስተማሪውም ቀን የየራሱን ሥራ ይሠራል። ዋና ከንቲባነት ግን ሙሉ ሥራ ነው፤ ሰውየው ለተወሰነ ዘመን የመንግሥት ሹም ሆኖ ይቀጠራል፤ ሌላ ሥራውን ይተዋል።

አስተማሪው ለምክር ቤት የሚመቸው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙ ሰው በማያስበው ቦታ ላይ ነው። የዛክሰን የከተሞችና የቀበሌዎች ሕግ፣ የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ የዚያው ከተማ ምክር ቤት አባል እንዳይሆን ይከለክላል። ምክር ቤቱ አስተዳደሩን ስለሚቆጣጠር ሰው የራሱ ተቆጣጣሪ ሊሆን አይገባም። ታዲያ በከተማው ትምህርት ቤት የምታስተምር መምህርት የከተማው ሠራተኛ አይደለችም? አይደለችም። በጀርመን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ጌቶች አሉት። ሕንፃው፣ ጥገናው፣ ማሞቂያው፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኛው፣ ጠረጴዛና ወንበሩ፣ ኮምፒውተሩ የከተማው ኃላፊነት ነው። አስተማሪዋና ሥርዓተ ትምህርቱ የግዛቱ ናቸው፤ ደመወዟን የሚከፍላት ድሬስደን ያለው የግዛቱ መንግሥት ነው። ስለዚህ መምህርቷ ጣሪያው ለሚያፈስ ትምህርት ቤቷ በምክር ቤት ቆማ በጀት ብትጠይቅ ሕግ አልጣሰችም። በዚህ ላይ በቀደመው ልማድ ትምህርት እኩለ ቀን አለፍ ሲል ያበቃ ነበር፤ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች ደግሞ የሚሰበሰቡት ከሰዓት በኋላና ማታ ነው። ጊዜውም ገጠመላቸው።

ይህን የሁለት ጌቶች ነገር አደራ ልብ ይበሉልኝ፤ የዩንግ ታሪክ ዋና ቁልፍ እሱ ነው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ነው።)

ቡርክሃርድ ዩንግ በ1958 በምዕራብ ጀርመን ዚገን ከተማ ተወለዱ። በሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ እንዲሁም የፕሮቴስታንት ሥነ መለኮት ተማሩ። በ1986 እዚያው በትውልድ ከተማቸው ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው ጂምናዚየም ማስተማር ጀመሩ። ጂምናዚየም ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የበርሊን ግንብ ባይፈርስ ኖሮ እዚያው አስተምረው ጡረታ ይወጡ ነበር ማለት ይቻላል።

ግንቡ ግን ፈረሰ። ኦክቶበር 9 ቀን 1989 በላይፕዚግ ከቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የተነሣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ሻማ ይዞ አደባባይ ወጣ፤ ጦሩም ፖሊሱም ሳይተኩስ ቀረ። ከአንድ ወር በኋላ የበርሊን ግንብ ተከፈተ፤ በዓመቱ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ። በምሥራቅ ጀርመን ትምህርት ከጥቂት በስተቀር ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ስለነበረ፣ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን ትምህርት ቤት ለመክፈት ዕድል ያገኙት ያኔ ነው። ዩንግ በ1991 ወደ ላይፕዚግ የሄዱት ለዚህ ነበር፤ የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ማዕከሉን ለማቋቋም። እስከ 1999 ድረስም በርእሰ መምህርነት መሩት።

የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን የፖለቲካ ሥራቸው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በተደላደለ አገር ውስጥ ርእሰ መምህር መሆን አንድ ነገር ነው። የዛክሰን የትምህርት ሕግ ራሱ ገና በዚያው በ1991 በወጣበት አገር ትምህርት ቤት ከባዶ ማቆም ደግሞ ሌላ ነው። ሕንፃ መጠየቅ አለ፤ ከግዛቱ ፈቃድ ማውጣት አለ፤ በአሮጌው ሥርዓት የሠለጠኑ የምሥራቅ መምህራንንና ከምዕራብ የመጡትን በአንድ የመምህራን ክፍል ማስቀመጥ አለ፤ ልጄን ለማላውቀው ዓይነት ትምህርት ቤት ልስጥ ወይስ አልስጥ እያለ የሚያመነታ ወላጅ ማነጋገር አለ። እንዲህ ያለ ርእሰ መምህር ሁለቱንም ጌቶች፣ ከተማውንም ግዛቱንም፣ በራቸውን እያንኳኳ ያውቃቸዋል። ፊርማ የቱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘገይም ይማራል። የክፍል አስተማሪ ይህን ዕውቀት አያገኘውም። «አስተማሪ ከንቲባ ሆነ» የሚለው አባባል አሳሳች ነው የምለውም ለዚህ ነው። ከጥቁር ሰሌዳው ተነሥቶ ከንቲባው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የለም፤ በመሃል የርእሰ መምህሩ ቢሮ አለ።

ከምዕራብ መምጣታቸው እንቅፋት አልሆነባቸውም ወይ ለሚል፣ ከውሕደቱ በኋላ የመጀመሪያው የላይፕዚግ ዋና ከንቲባ ሂንሪክ ሌማን ግሩበ ራሳቸው ከሃኖቨር የመጡ ናቸው። በ1990 ለመወዳደር የምሥራቅ ጀርመንን ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሰው ነበር። ከተማዋ ልምድ ያለው ሰው ይራባት ነበር፤ የመጣውንም ተቀበለችው።

በ1999 የላይፕዚግ ምክር ቤት ዩንግን የትምህርት ቤቶች፣ የወጣቶችና የስፖርት ዘርፍ ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው። ይህ ሹመት በጀርመንኛ «ባይጌኦርድኔተር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር የዘርፍ ኃላፊ የሆነ ምክትል ከንቲባ ማለት ይቀርበዋል። ቦታው በማስታወቂያ ይወጣል፤ አመልካቾች ይቀርባሉ፤ ምክር ቤቱ በድምፅ ይመርጣል፤ ዘመኑ ሰባት ዓመት ነው። ከሕዝብ ምርጫ በፊት ያለው የተለመደ መሰላል ይህ ነው፤ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ አባል የሆኑት ዩንግም በዚህ ወጡ።

የተረከቡት ሥራ ደስ የሚል አልነበረም። ከውሕደቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ተንኮታኩቶ ነበር። በ1989 ወደ 200 ሺህ የሚጠጋው በ1994 ወደ 80 ሺህ ገደማ ወረደ። ፋብሪካ ሲዘጋና ወጣቱ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ማን ልጅ ይወልዳል? ሕፃን ስድስት ዓመት ሲሞላው አንደኛ ክፍል ይገባል። ስለዚህ ያ የወሊድ ጉድጓድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በር ያንኳኳው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃዎቹን ደግሞ ከ2000 በኋላ። ልክ ዩንግ ወንበሩ ላይ በተቀመጡበት ጊዜ ማለት ነው። በከተማው በ2000 ገደማ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ባዶ መኖሪያ ቤት ነበር። ትምህርት ቤት ያቋቋመው ሰው ትምህርት ቤት የሚዘጋ ሹም ሆነ። ወላጅ ሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ሲዘጋበት የሚሰማውን ሐዘን እናት የሆኑት እርስዎ ይገምቱታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፖርሸና ቤ ኤም ቬ ፋብሪካ ከፈቱ፤ ዲ ኤች ኤል በ2008 የአየር ጭነት ማዕከሉን ወደ ላይፕዚግ አመጣ፤ ርካሽ ኪራይ የሳበው ወጣት ጎረፈ፤ ልጅም መወለድ ጀመረ። በ2019 የነዋሪው ቁጥር 600 ሺህን አለፈ። ያኔ የተዘጋው ሁሉ አነሰ፤ አዲስ ትምህርት ቤት መገንባት የከተማው ትልቁ ወጪ ከሆኑት አንዱ ሆነ። «ያኔ ለምን ዘጋችሁ?» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ይህን ወቀሳ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ በ2000 ላይ ሆኖ ከተማዋ እንዲህ ታድጋለች ብሎ ባዶ ሕንፃ ማሞቅ ማንም ምክር ቤት የማይደፍረው ነገር ነበር። ሕንፃዎቹን መዝጋትና መሸጥ ወይም ማፍረስ ግን አንድ አይደሉም። ዘግቶ ማቆየት የሚቻለውን ያቆዩ ከተሞች በኋላ ተጠቅመዋል። የትምህርት ቤት ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ይህን ሊያስበው ይገባል።

ዋና ከንቲባ የሆኑት በ2006 ነው። የቀድሞው ከንቲባ ቮልፍጋንግ ቲፌንዜ በ2005 መጨረሻ በአንጌላ ሜርክል ካቢኔ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነው ወደ በርሊን ስለሄዱ ወንበሩ ባዶ ሆነ። በዛክሰን ዋና ከንቲባን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጣል፤ ዘመኑም ሰባት ዓመት ነው። ዩንግ በሁለተኛው ዙር አሸነፉ። በ2013 ደግመው፣ በ2020 ሠልሰው ተመረጡ፤ ሦስቱም ጊዜ ያሸነፉት በሁለተኛው ዙር ነው።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ልነግርዎት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። በ2007 ከንቲባው የከተማውን የኤሌክትሪክና የጋዝ ድርጅት 49.9 በመቶ ድርሻ ጋዝ ደ ፍራንስ ለተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለመሸጥ ተነሡ። ከተማው ከባድ ዕዳ ነበረበት፤ ክርክራቸውም በቁጥር የተደገፈ ነበር። ነዋሪዎች ግን ፊርማ አሰባስበው ሕዝበ ውሳኔ አስጠሩ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2008 ድምፅ ከሰጡት 87.4 በመቶ የሚሆኑት ሽያጩን ተቃወሙ። በወቅቱ በነበረው የዛክሰን ሕግ ሕዝበ ውሳኔ የሚጸናው ለአንዱ ወገን የተሰጠው ድምፅ ከመራጩ ሕዝብ ቢያንስ አንድ አራተኛ ሲሆን ነበር፤ ያ መስፈርት በሰፊው ታልፏል። ውሳኔውም ለሦስት ዓመት በሌላ ሕዝበ ውሳኔ ካልሆነ በቀር አይሻርም።

ይህን የማነሣው ለአስተማሪ ፖለቲከኛ ትልቁ ፈተና እዚህ ስላለ ነው። መምህር በሚገባ ያስረዳው ነገር ይገባል ብሎ ያምናል፤ ሙያው በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው። ተማሪው ካልገባው እንደገና ይነገረዋል። ከተማ ግን ክፍል አይደለም። የላይፕዚግ ሰው ክርክሩ ገብቶታል፤ ገብቶትም አልፈልግም አለ። የውሃና የመብራት ድርጅት የራሱ እንዲሆን ፈለገ። ዩንግ ውሳኔውን ተቀብለው የከተማውን ድርጅቶች በከተማው እጅ አቆይተው መምራትን ቀጠሉ። ለአንድ አስተማሪ ከባዱ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ ልጅዎም ብትገባበት በመጀመሪያው ዓመት ታገኘዋለች።

ንብረትን በከተማ እጅ ማቆየት ብቻውን ከጉዳት እንደማያድንም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ2010 መጀመሪያ የከተማው የውሃ ድርጅት ኃላፊዎች ምክር ቤቱም ከንቲባውም ሳያውቁ አደገኛ የገንዘብ ውሎች ውስጥ መግባታቸው ተጋለጠ። ለከተማው የመጣበት ጥያቄ ወደ 300 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ነበር። ከተማው ዩ ቢ ኤስ ከተባለው የስዊስ ባንክ ጋር ለንደን ላይ ለዓመታት ተሟገተ፤ በ2014 ፍርድ ቤቱ ለላይፕዚግ ፈረደ፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ያ ፍርድ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ ስለ አዲስ ትምህርት ቤት ግንባታ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር።

በ2015 ደግሞ ስደተኞችንና እስልምናን የሚቃወመው እንቅስቃሴ በላይፕዚግ ሰልፍ ሲወጣ፣ ዩንግ ያን ሰልፍ ለመቃወም ከወጡት ወገን በግልጽ ቆሙ። እንደ ስደተኛ ማኅበረሰብ አባል ይህን በመልካም አስታውሰዋለሁ። ሕጉ ግን በዚህ ጉዳይ ጥብቅ እንደሆነ ልጅዎ ማወቅ አለባት። በ2017 የጀርመን ፌዴራል አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት፣ የዱሴልዶርፍ ከንቲባ በተመሳሳይ ሰልፍ ጊዜ የከተማው ሕንፃዎች መብራት እንዲጠፋ ማድረጋቸው ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ወስኗል። ሹም በሹመቱ ሥልጣን ሲናገር ይከራከራል እንጂ የአንዱን ወገን አፍ አይዘጋም፤ ከክርክርም አያወጣውም። የጀርመን አስተማሪዎች ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ደንብ በክፍላቸው ያውቃሉ። በ1976 ቦይቴልስባኽ በተባለች ቦታ የተደረሰው ስምምነት፣ አስተማሪ ተማሪውን በራሱ አቋም እንዳይጫነው፣ በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚያከራክረውንም ነገር በክፍል ውስጥ እንደሚያከራክር አድርጎ እንዲያቀርበው ያዛል። የምክር ቤት አባል የሆነች መምህርት ማታ የፓርቲዋን አቋም ትናገራለች፤ ጧት ክፍል ስትገባ ያን አቋም ውጭ ትታው ትገባለች። ይህን የምትችል መምህርት ብቻ ሁለቱን በሰላም ትይዛለች።

የ2020ው ምርጫ እጅግ የጠበበ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ዕጩ ሴባስቲያን ጌምኮቭ በ31.6 በመቶ ቀደሙ፤ ዩንግ 29.8 አገኙ። የግራ ፓርቲውና የአረንጓዴዎቹ ዕጩዎች ከውድድሩ ወጥተው ደገፏቸው፤ በሁለተኛው ዙር በ49.1 ለ47.6 አለፉ። ዘመኑ እስከ 2027 ነው። ከ2019 እስከ 2021 የጀርመን ከተሞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል፤ በ2025ም ወደዚያው ወንበር ተመልሰዋል። ማኅበሩ ከተሞች ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር ስለ ገንዘብ የሚከራከሩበት መድረክ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤት ሕንፃ ወጪን በሚመለከት የሚናገሩት ነገር ክብደት አለው።

አዲስ አበባ ከላይፕዚግ ጋር የእህትማማች ከተማነት ስምምነት የተፈራረመችው በ2004 በቲፌንዜ ዘመን ነው፤ ዩንግ የተረከቡት ነው። ግንኙነቱ ግን ከዚያ ይረዝማል። ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ጀርመንኛ የተማሩት በላይፕዚጉ የሄርደር ተቋም ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመንኛ የሚናገሩ አዛውንት ሐኪምና መሐንዲስ ቢያጋጥሙዎት ስለ ላይፕዚግ ይጠይቋቸው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ጀርመናዊት ስለሆነች ዕድሜዋ 18 ከሞላና በከተማው የምትኖር ከሆነ ለምክር ቤት መመረጥ ትችላለች። እርስዎ ራስዎ የጀርመንም ሆነ የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ከሌለዎት በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችሉም፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1990 ለውጭ ዜጎች የተሰጠውን የአካባቢ ምርጫ መብት ሽሯል። ከጁን 2024 ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ዜግነትዎን እንዲተዉ ጀርመን አያስገድድዎትም፤ የመኖሪያ ዘመኑም በመደበኛው አምስት ዓመት ሆኗል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል በዚያ በኩል ያለውን አስቀድመው ይመዝኑ።

ዛክሰን ከ2019 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ42 ያላለፈ አዳዲስ መምህራንን ቋሚ የመንግሥት ሹም አድርጎ መቅጠር ጀምሯል፤ ልጅዎ በዚህ ከተቀጠረች ሥራዋ የተረጋገጠ ነው። የምክር ቤት አባል መሆኗ ከሥራ አያስወጣትም፤ ለስብሰባም ፈቃድ ይሰጣታል። ሥራውን የመልቀቅ ጥያቄ የሚነሣው እንደ ዩንግ ወደ ሙሉ ጊዜ ሹመት ስትሻገር ነው፤ ያ ሩቅ ነው።

የዛክሰን የአካባቢ ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻው በጁን 2024 ስለነበር ቀጣዩ በ2029 ነው። ፓርቲዎች የዕጩ ዝርዝራቸውን የሚወስኑት ከምርጫው ወራት ቀድመው ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ከፍ ያለ ቦታ የሚያገኙትም ከዚያ በፊት በፓርቲው የአካባቢ ቅርንጫፍ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ቤትዎ ላይፕዚግ ከሆነ በአሥሩ ክፍላተ ከተማ ያሉት አማካሪ ምክር ቤቶች ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አጀንዳውም አስቀድሞ ይወጣል። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ስለ ትምህርት ቤት ጉዳይ የተያዘ ነጥብ ካለ ሄዳ ትቀመጥ፤ የከተማው ሰዎች የሚሉትንና የግዛቱ ነው ብለው የሚገፉትን በማስታወሻዋ ትጻፍ።